አሥራ አንድ ውሻ በእማዬ ግቢ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፤ ከመንገድ ውሻ አንሥተናል፣ አሁን ምን እናድርገው? የሰሚቷን ልጅ በሰፊው መልሼላታለሁ። የሌሎቻችሁም ጥያቄ ብዙው እዚያ ውስጥ አለ።

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሚት ነው። ነገሩ የጀመረው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ ጅምር ሕንፃ ውስጥ የወለደች ውሻ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ስንቀልብ ነው። ቡችሎቹ ሲያሳዝኑን ወደ እናቴ ግቢ አመጣናቸው። ከዚያ ሰው ሰማ። አሁን ማታ ማታ ቡችላ በማዳበሪያ አድርገው በአጥር ይወረውሩልናል። አሥራ አንድ ደርሰዋል። ጎረቤት በጩኸቱ ተማሯል፤ እማዬም "ወይ እኔ ወይ ውሾቹ" ማለት ጀምራለች። ፎቶ ስንለጥፍ ሰው "እግዚአብሔር ይስጣችሁ" ይለናል እንጂ የሚወስድ የለም። ፈቃድ አውጥተን ድርጅት ብንሆን ይሻል ይሆን? የሚመጣውንስ እንዴት አይሆንም ይባላል?
ት.፣ ከሰሚት

መልስ

ልጄ፣ ከእናትሽ እንጀምር። ግቢው የእሷ ነው። ሌሊት በጩኸት የምትነቃው፣ ጠዋት በሩን ስትከፍት ቆሻሻው የሚቀበላት እሷ ናት። ሦስታችሁም ቡና አፍሉና ቁጭ ብላችሁ "እማዬ፣ ስንት ይበቃል?" ብላችሁ ጠይቋት። ስድስት ካለች ስድስት ነው፤ አታስጨምሯት። ቁጥሩ ከእሷ አፍ ከወጣ ነገ ቡችላ ታቅፎ በር ላይ ለሚቆመው ሰው የምትመልሺው ነገር ይኖርሻል።

እኔ ኮተቤ ባለው ግቢዬ አጥብቄ የያዝኩት ደንብ አንድ ቦታ ምንጊዜም ባዶ እንዲሆን ነው። መኪና የገጨው ውሻ በድንገት ነው የሚመጣው። ያን ቀን ቦታ ከሌለሽ ወይ እሱን ትመልሺያለሽ፣ ወይ ከታመሙት ጋር ትቀላቅይዋለሽ። አሥራ አንድ ውሻ ሦስት ሰው አይችለውም ማለቴ አይደለም፤ ቀለቡን ትችሉ ይሆናል። የማትችሉት በየቀኑ እያንዳንዱን ነክቶ፣ ድዱን አይቶ፣ ጆሮውን ገልጦ፣ ዛሬ ያልበላው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። ያ ከቀረ ደግሞ ቤታችሁ የውሻ ማጎሪያ ሆነ ማለት ነው።

ቡችላ ይዞ ለሚመጣው ሰው እንዲህ በይው፦ "እኛ ጋ ቦታ የለም። አንተ ጋ ይቆይ፤ የትል መድኃኒቱንና ክትባቱን እኛ እንችላለን፣ ፎቶ አንሥተን ሰው እንፈልግለታለን።" ብዙ ሰው እሺ ይላል። ውሻውን የሚያመጣው ጠልቶት ሳይሆን ክትባት የት እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚበላ ስለማያውቅ ነው። በአጥር የሚወረውሩት ደግሞ ፊት ለፊት መጥቶ መናገር የሚያፍሩት ናቸው። በሩ ላይ ስልክ ቁጥር ለጥፉ። "ከመወርወርህ በፊት ደውል" የሚል ጽሑፍ የማይመስል ነገር ይመስላል፤ ግን ይደውላሉ።

ምንጩን ሳትዘጉ ግን ሥራው አያልቅም። በአንድ ሰፈር ያለው ቡችላ ሁሉ የሚወለደው ከጥቂት እናቶች ነው። ውሻ ከስድስት ወሯ አካባቢ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መውለድ አያቅታትም። ለአንድ ወር ቀለብ የምታወጡትን ገንዘብ የቡችሎቹን እናት ውሻ ለማምከን ብታውሉት ከዓመት በኋላ በማዳበሪያ የሚወረወረው ቁጥር ሲቀንስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቡችሎቿ ጡት እስኪተዉ ጠብቁና ወደ ሐኪም ውሰዷት። ቁስሏ እስኪሽር ሁለት ሳምንት ገደማ ግቢ አቆዩአት። የሚቀበላት ቤት ካልተገኘ ደግሞ ተከትባ ወደምታውቀው ቦታ መመለሷ ነውር የለውም። የሰፈሩ ሰው የሚያውቃት፣ የማትወልድ፣ የተከተበች ውሻ ለሰፈሩም ትበጃለች።

አዲስ የመጣ ውሻ በቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል። ይህን ስል ማካበድ እየመሰለው ችላ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ ችላ አትበሉ። የእኔ ማቆያ አሮጌው ማድ ቤት ነው። ወለሉ ሊሾ ስለሆነ በደንብ ይታጠባል። አዲስ ውሻ እዚያ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ለዚያ ክፍል ብቻ የሆነ ጫማ፣ ሳህንና መጥረጊያ በሩ ላይ አለ። ጠዋት መጀመሪያ ጤነኞቹን አበላለሁ፣ አጸዳለሁ፤ ወደ ማቆያው የምገባው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ፓርቮ የሚባለው የቡችላ በሽታ ነው። ቡችላው በድንገት መብላት ያቆማል፣ ያስመልሳል፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሽታውን አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በሳሙና አይሞትም። የሚገድለው በረኪና ነው፦ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ። ግን መጀመሪያ ቆሻሻው ተጠርጎ ወለሉ ይታጠብ፣ ከዚያ በኋላ በረኪናው አሥር ደቂቃ ያህል ወለሉን እንዳረጠበ ይቆይ። ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ዋጋ የለውም። ቡችሎቹ ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንታቸው ጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ አራት ወር እስኪሞላቸው ድረስ የፓርቮና የዲስተምፐር (ሌላው ተላላፊ የውሻ በሽታ) ክትባት ያስፈልጋቸዋል። የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላቸው፣ ከዚያ ከዓመት በኋላ ይደገማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ውሻ በዚህ ሰበብ ያለአግባብ ተስፋ ሲቆረጥባት ስለማይ። ከመንገድ የምትነሳ ያደገች ሴት ውሻ ከብልቷ ደም ስታንጠባጥብ ሰው "ወቅቷ ደርሶ ነው" ብሎ ያልፋታል። ካላቆመ ግን ሐኪም ይያት። ውሾች በግንኙነት የሚያስተላልፉት ዕጢ አለ፤ ሲያድግ አበባ ጎመን ይመስላል፤ ወንዶቹም ላይ ይወጣል። ሻሼ የምንላት ግንባረ ነጭ ውሻ ከኮተቤ ገበያ ስትነሳ እንዲህ ሆና ነበር። የሥጋ ቤቱ ልጆች "አትነካኳት፣ ሟች ናት" አሉን። ሐኪሙ ቪንክሪስቲን የሚባለውን መድኃኒት በየሳምንቱ በደም ሥሯ ይሰጣት ጀመር። ዕጢው ከሳምንት ሳምንት እየሟሸሸ መጣና ጠፋ። ይህ በሽታ በሕክምና ከሚድኑት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። መድኃኒቱ ለሚነካውም ሰው አደገኛ ስለሆነ ግን ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

አሁን ወደ መስጠቱ። ፎቶ ለጥፋችሁ የሚወስድ ያጣችሁት ሰው ስለማያዝን አይደለም። ያለቀሰ ሰው ይባርካል፤ ውሻ የሚወስደው ግን ውሻውን በቤቱ ውስጥ በሐሳቡ ያየው ሰው ነው። ስለዚህ ቁስሉን ሳይሆን ጠባዩን ጻፉ። "ሦስት ዓመት ይሆናታል፤ ሕፃን ትወዳለች፣ ድመት ታባርራለች፣ ነጎድጓድ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ተከትባለች፣ መክናለች።" ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ጉድለት ካለም ሳትደብቁ ጻፉት። ድመት እንደምታባርር ያልተነገረው ሰው በሳምንቱ መልሶ ያመጣታል።

ቤቱን ሳላይ ውሻ አልሰጥም። ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው። ግድግዳ ወይም ዛፍ ሥር መሬቱ በክብ ተላልጦ ሣር ካልበቀለበት እዚያ ውሻ ታስሮ ኖሯል ማለት ነው። ቀጥሎ በፊት የነበረው ውሻ የት እንደገባ እጠይቃለሁ። አንዱ "ጠፋ" ከተባለ ይሁን፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም "ጠፋ" ከሆነ በሩ አይዘጋም። ከዚያ ማን እንደሚያበላው እጠይቃለሁ። "ሠራተኛዋ" ከተባለ እሷንም ጠርቼ አነጋግራለሁ። ውሻ የምትፈራን ልጅ አሥር ሰው በሚያዛት ቤት ውስጥ ውሻም ተንከባከቢ ማለት ለእሷም ለውሻውም ግፍ ነው። ቤተሰቡ ውሻ ቤት እንዳይገባ የሚፈልግ ከሆነ፣ የእምነትም ይሁን የንጽሕና ምክንያት፣ አልከራከርም። ውጪ ጣሪያና ደረቅ መኝታ ካለው፣ ሰንሰለት ከሌለበት፣ ይበቃዋል።

ስትሰጡ ወረቀት ይኑራችሁ። ሦስት ነገር ብቻ ይያዝ፦ አይታሰርም፤ ቤተሰቡ ካልተመቸው ለሌላ ሳያስተላልፍ ወደ እናንተ ይመልሳል፤ ቡችላ ከሆነ ዕድሜው ሲደርስ ይመክናል። ለሦስተኛው መያዣ ገንዘብ ተቀበሉና የሐኪሙን ወረቀት ሲያመጡ መልሱ። በቃል ብቻ የተገባልኝ ይህ ተስፋ ብዙ ጊዜ ተረስቷል፤ መያዣ ያለው ግን አይረሳም። ከስምንት ሳምንት በታች ያለ ቡችላ ደግሞ ለማንም፣ ለዘመድም ቢሆን፣ አትስጡ። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር እየተጫወተ ነው ንክሻውን የሚመጥነው።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ ውሾች የሚጮኹት አላፊ አግዳሚ በበሩ ሥር ሲያዩ ነው። የበሩን ታችኛ ክፍል በቆርቆሮ ሸፍኑት። የማታ ምግባቸውን አምሽታችሁ ስጧቸው። ቆሻሻውን በየቀኑ ሳይሞቅ አንሡ። የተማረሩት ጎረቤቶች የራሳቸው ውሻ ካላቸው ደግሞ እናንተ ስታስከትቡ የእነሱንም ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚያናግሩሽ ድምፅ ይለወጣል።

ስለ ፈቃዱ፦ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን ይመለከታል፤ እድርና እቁብን አይመለከትም። ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ዓመታዊ ሪፖርትና የተስተካከለ ሒሳብ ማቅረብን ያስከትላል። በድርጅት ስም የባንክ ሒሳብ የምትፈልጉበት፣ ከውጭ ድጋፍ የምትጠይቁበት ቀን ሲመጣ ተመዝገቡ። አሁን የሚያስፈልጋችሁ ደብተር ነው። በቴሌብር የገባውን እያንዳንዱን ብር፣ ማን እንደላከውና ምን እንደተገዛበት ጻፉበት፤ የሐኪሙን ደረሰኝ ፎቶ አንሥታችሁ ለላኩት ሰዎች ላኩ። ሦስት ጓደኛሞች የሚጣሉት በውሻ አይደለም፣ በገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ደብተሩን አንዷ ትያዘው፣ ስልኩን ሌላዋ።

ቀለቡን በሚመለከት፣ ከሆቴል የሚወጣ ቡሌ ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወጥ ሁሉ ሽንኩርት አለበት። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ድዱ እየነጣ፣ ሽንቱ እየጠቆረ ይደክማል። ወጥ የነካውን እንጀራ ተዉት። ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢና አጥንት ጠይቁ፤ አጥንቱን ቀቅላችሁ መረቁን በሩዝ ወይም በንፍሮ ስንዴ ላይ አፍሱ፣ የተቀቀለውን አጥንት ግን ጣሉት። ሲሰበር ስለት ያወጣና አንጀት ይበሳል።

ጥያቄ

ከመንገድ ያነሣነው ቡችላ ሲጫወት የስድስት ዓመት ልጄን ጣት ነከሰው። ደሙ ትንሽ ነው። ቡችላው ሦስት ወር አልሞላውም፣ ጤነኛም ይመስላል። አያቱ ጠበል ይበቃዋል ትላለች። ምን ይሻላል?
አባት፣ ከአዳማ

መልስ

ለእኚህ አባት ደብዳቤያቸው በደረሰኝ ሰዓት ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ያዙ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ጠይቁ። ትንሽ ነው፣ ቡችላ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል ብላችሁ አትጠብቁ። ቡችላም ይታመማል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለም።

ውሻውን አትግደሉት። ለብቻው አቆዩትና አሥር ቀን ተመልከቱት። በምራቁ በሽታውን የሚያስተላልፍ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ራሱ ይታመማል ወይም ይሞታል። አሥሩን ቀን በጤና ካለፈ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። አያቱን ደግሞ በጠበሉ አትከልክሏቸው፤ ክትባቱ ብቻ ይቅደም።

በየቀኑ ውሻ የምትነኩ ሰዎች፣ የሰሚት ልጆችም ጭምር፣ ሳትነከሱ አስቀድማችሁ ተከተቡ። በሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ ነው። ከዚያ በኋላ ብትነከሱ መታጠቡና ወደ ሐኪም መሄዱ አይቀርም፤ የሚያስፈልጋችሁ መርፌ ግን ይቀንሳል።

ጥያቄ

ሦስት መምህራን ነን። እዚህ ባሌ፣ ጎባ አካባቢ፣ ለውሾች መጠለያ መክፈት እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር?
ከጎባ

መልስ

ወንድሞቼ፣ መጠለያውን ተዉትና ክትባት ላይ ሥሩ። የእናንተ አካባቢ ውሻ አብዛኛው ባለቤት አለው፤ ከብትና በግ ይጠብቃል፣ ቤት አለው። የሌለው ክትባት ነው። ከእናንተ በላይ ደግሞ ተራራው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ ያደጉት ተቆጥረው 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ተራሮች ላይ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ደግሞም በ2003 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ያለቁት ከውሻ በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲስተምፐር ገባባቸው። ቀይ ቀበሮውን የሚጠብቀው ፕሮግራም የገበሬዎችን ውሾች ሲያስከትብ የቆየው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። እናንተ መምህራን ናችሁ፤ የትኛው ተማሪ ቤት ስንት ውሻ እንዳለ ከማንም ቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ያን ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሂዱ።

ጥያቄ

ለበዓል በግ ስናርድ ሳንባው ላይ ውሃ የያዘ እብጠት አገኘን። ለውሾቹ ብንሰጠው ምን አለበት?
ከደብረ ብርሃን

መልስ

አትስጡ። ያ ውሃ የያዘ ነገር የትል እጭ ነው። ውሻ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ወደ ትልነት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በአትክልት፣ በውሃ ወደ ሰው ይገባና ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እብጠት ያበቅላል። ልጆች ውሻውን አሻሽተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ በቀላሉ ይያዛሉ። አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ውሾቻችሁን ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ስጧቸው፤ ተራው የትል መድኃኒት ይህን አይነካውም።

ጥያቄ

ገና ላይ አዲስ አበባ መጥቼ አክስቴ ግቢ ካለች ውሻ ጋር ተላምደን፣ ተለይቻት መኖር አቃተኝ። ወደዚህ ልወስዳት እችላለሁ?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ

ትችላለህ፣ ግን ወራት ይፈጃል። አሜሪካ ከኦገስት 1፣ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡን አጥብቃለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ውሻዋ ቢያንስ ስድስት ወር ሊሞላት ይገባል። ቅደም ተከተሉን አጥብቀህ ያዝ፤ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ሥር የሚገባ መለያ)፣ ከዚያ ክትባት። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከገባ ክትባቱ አይቆጠርልህም። ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሟ ተወስዶ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) በሚቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል። ደሙ ከተወሰደ በኋላም ከመግባቷ በፊት ቢያንስ 28 ቀን ማለፍ አለበት። የሲዲሲ ፎርም፣ የመንግሥት ሐኪም ያረጋገጠው ወረቀት፣ እንዲሁም ስትደርስ በምትመረመርበት ተቋም የተያዘ ቀጠሮ ያስፈልጋታል። እንዲህ ዓይነት ውሾች የሚገቡት በስድስት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው፤ ደግነቱ የእናንተው የዋሽንግተን ዳለስ አንዱ ነው። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ደንቡን ከሲዲሲ ድረ ገጽ ላይ ደግመህ እይ፤ ይለዋወጣል።

ግን ወንድሜ፣ አክስትህን ጠይቀሃል? ውሻዋ የእሳቸው አጫዋች ከሆነች እዚያው ትቆይላቸው። የጉዞዋ ወጪ በሰፈራቸው ያሉትን በርካታ ውሾች ያስከትባል፣ ያመክናል።

ጥያቄ

ለግቢ ጥበቃ ኃይለኛ ውሻ እፈልጋለሁ፤ ወንድ ቡችላ ቢሆን ይመረጣል። ከእናንተ ማግኘት እችላለሁ?
ከለገጣፎ

መልስ

እርስዎ የሚፈልጉት ሌባ መምጣቱን የሚነግርዎትን ውሻ ነው፤ ለዚያ ኃይለኛ አያስፈልግም። ቤተኛውንና እንግዳውን የማይለይ ውሻ ጎረቤት ነክሶ ክስ ያመጣብዎታል። ቡችላም አይውሰዱ፤ ጠባዩ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም። የእኛው አገር ያደገች ሴት ውሻ ትሻልዎታለች። ጠባይዋ የታወቀ ነው፣ በር አትለቅም፣ እንግዳ ሲመጣ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። ቀን ታስራ ሌሊት የምትፈታ ከሆነ ግን አልሰጥዎትም። የታሰረ ውሻ የሚጠብቀው ሰንሰለቱን እንጂ ግቢውን አይደለም።

አሁን እኔ ጋ ሁለት አሉ፤ አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ጥቁር፣ ሁለቱም ተከትበዋል፣ መክነዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ። ባለቤትዎንና ልጆቹን ይዘው ይምጡ፤ ዘበኛ ካለም እሱን ጭምር። ማን እንደምትቀርብ አይተን እንወስናለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እኔ መጥቼ ግቢውን አያለሁ።